ልጃችን እንዴት ይራመዳል?

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ካምፓላ ውስጥ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር። ተናጋሪዋ የማኅበሩ አባልና በሙያቸው ፊዚዮቴራፒስት ናቸው።)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ የጤና ርዕስ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በየቀኑ የምሠራበትን ጉዳይ ለመምረጥ ብዙም አላመነታሁም። ጉዳዩም መራመድ የሚቸገሩ ልጆች፣ አረማመዳቸው የሚመረመርበት መንገድና የሚረዷቸው መሣሪያዎች ናቸው።

ሐሳቤን በአጭሩ ልግለጸው። መሣሪያ ብቻውን ልጅን አያራምድም። ልጅ የሚራመደው ችግሩ በጊዜ ሲታይና መሣሪያውን በየዕለቱ የሚያጠልቅለት ቤተሰብ ሲኖር ነው። በተለይ እንደኛ ከአገር ወደ አገር ለሚንቀሳቀስ ሰው ይህ ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ትኩረት የምሰጠው በእሱ ላይ ነው።

ጤነኛ አረማመድ ምን ይመስላል?

ሕፃን ልጅ ግድግዳውን ለቆ በራሱ ሲቆም ቤተሰቡ ሁሉ «ወፌ ቆመች!» ብሎ ያጨበጭባል። አብዛኞቹ ልጆች ከ9 ወር እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይደገፉ መራመድ ይጀምራሉ። አንዱ በ10 ወሩ፣ ሌላው በ16 ወሩ ቢጀምር ሁለቱም ጤነኞች ሊሆኑ ስለሚችሉ በጎረቤት ልጅ እየለኩ መጨነቅ አያስፈልግም። ጀማሪ ልጅ እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ ክንዶቹን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ሙሉ የውስጥ እግሩን እያሳረፈ ይሄዳል። ወደ 3 ዓመቱ ሲጠጋ ተረከዙን ማስቀደምና እጆቹን ከእግሮቹ ጋር እያፈራረቀ ማወዛወዝ ይጀምራል። ወደ 7 ዓመት ገደማ አረማመዱ የአዋቂ ሰው መልክ ይይዛል።

እስከ 2 ዓመት ድረስ እግር ወደ ውጭ ጎበጥ ማለቱ፣ በ3 እና በ4 ዓመት ደግሞ ጉልበትና ጉልበት መነካካቱ በብዙ ልጆች ላይ የሚታይና በራሱ የሚስተካከል ነው። ነገር ግን ጉብጠቱ እየባሰ ከሄደ ወይም በአንድ እግር ብቻ ከሆነ መታየት አለበት። አንዱ ምክንያት ሪኬትስ ሊሆን ይችላል። አያቶቻችን ሕፃኑን ደጅ አውጥተው ፀሐይ ያሞቁ ነበር። እኛ ፎቅ ቤት ውስጥ በር ዘግተን ስናሳድግ ልጁ የምድር ወገብ አገር እየኖረ ፀሐይ ሊያጣ ይችላል።

ወደ ባለሙያ ለመሄድ ቀጠሮ የማያስፈልጋቸውን ምልክቶች ልዘርዝር፦

1ኛ. 18 ወር ሞልቶት ገና ያልተራመደ ልጅ፤
2ኛ. ከ3 ዓመት በኋላም ሁልጊዜ በእግሩ ጣቶች ብቻ የሚሄድ ልጅ፤
3ኛ. አንድ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀምና ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ልጅ፤
4ኛ. ከመሬት ሲነሣ በእጆቹ የራሱን ጭን እየተደገፈ ሽቅብ የሚወጣ፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ልጅ፤
5ኛ. መራመድ ጀምሮ የነበረና ችሎታውን እያጣ የመጣ ልጅ፤
6ኛ. ትኩሳት ኖሮት የሚያነክስ ወይም እግሩን መሬት ለማስነካት እንቢ የሚል ልጅ። ይህኛው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ መገጣጠሚያው ወይም አጥንቱ መግል ይዞ ሊሆን ይችላልና።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህን ተረት እየጠቀሱ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚጠብቁ ወላጆች አጋጥመውኛል። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ጫጩት ሆኖ ሲፈለፈል ነው፤ ለመፈልፈል ደግሞ በጊዜው የሚታቀፈው ያስፈልገዋል።

የአረማመድ ምርመራ

አንድ እርምጃ ከአንድ ተረከዝ ማረፍ ጀምሮ ያው ተረከዝ ተመልሶ እስኪያርፍ ድረስ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እግሩ 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ 40 በመቶ ያህሉን አየር ላይ ያሳልፋል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ዓይን ብቻውን ሊከታተለው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ በአሜሪካ ማይብሪጅ፣ በፈረንሳይ ማሬ የተባሉ ሰዎች እንቅስቃሴን በተከታታይ ፎቶግራፍ ማንሣት ሲጀምሩ ነው ዓይን የሚያመልጠው ነገር መታየት የጀመረው።

ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ባሉ የአረማመድ ላቦራቶሪዎች ልጁ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ትናንሽ ኳሶች ይለጠፉበታል። ዙሪያውን የተተከሉ ካሜራዎች ኳሶቹን ይከታተላሉ፤ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ሚዛን እግሩ መሬቱን የሚገፋበትን ኃይል ይለካል፤ ቆዳው ላይ የሚለጠፉ ሽቦዎች ደግሞ የትኛው ጡንቻ መቼ እንደሚሠራ ይመዘግባሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ አዋሕዶ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ እንቅስቃሴ በመስመር ይስላል።

ይህ ምን ጠቀመ? ቀደም ሲል በአእምሮ ጉዳት ምክንያት የሚያነክስ ልጅ አንድ ዓመት የተረከዝ ጅማቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከጉልበቱ በስተኋላ ያለው ጅማት፣ በሦስተኛው ዓመት የዳሌው ጡንቻ ኦፕሬሽን ይደረግለት ነበር። አንዱን ሲያቃኑት ሌላው ይጎብጣል። በቶሮንቶ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም መርሰር ራንግ፣ ልጁ በየዓመቱ ልደቱን ሆስፒታል ስለሚያከብር፣ ነገሩን «የልደት በሽታ» ብለው ሰይመውታል። የአረማመድ ምርመራ ሲስፋፋ ሐኪሞች ችግሮቹን በአንድነት ማየትና የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መሥራት ቻሉ።

በእኛ አካባቢ ይህን የመሰለ ላቦራቶሪ በቀላሉ አይገኝም። ግን ተስፋ አንቁረጥ፤ በየኪሳችን ያለው ሞባይል ስልክ ማይብሪጅ የነበሩትን ካሜራዎች ሁሉ ያስንቃል። በኤዲንብራ የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የመመዘኛ ዘዴ በተራ ቪዲዮ ብቻ ከእያንዳንዱ እግር 17 ነገሮችን እየተመለከተ ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ወላጆች ልጃችሁን ስታመጡ ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ። ልጁ አጭር ቁምጣ ይልበስ፣ ጫማ ያውልቅ። ከ5 እስከ 6 ሜትር በሚሆን ደልዳላ ወለል ላይ እጁን ሳትይዙት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስ። ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን ቅረጹት፤ ስልኩን በልጁ ወገብ ከፍታ ያዙ። ክራንች ወይም የእግር መደገፊያ ካለው በእሱም ደግማችሁ ቅረጹ። ልጁ ሐኪም ሲያይ ያለቅሳል፣ ወይም አፍሮ አሳምሮ ይራመዳል፤ እውነተኛው አረማመዱ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ቪዲዮውን ግን ለባለሙያው እንጂ ለዘመድ አዝማድ አትላኩት።

ቆልማማ እግርና የካምፓላው ጫማ

ከ800 እስከ 1000 ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል አንዱ ያህል እግሩ ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጣሞ ይወለዳል፤ ቆልማማ እግር የምንለው ነው። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ከተጠቂዎቹም ግማሽ ያህሉ በሁለቱም እግራቸው ነው። እናትየዋ በእርግዝናዋ ጊዜ የሠራችው ጥፋት የለም፤ እርግማንም አይደለም። ይህን አባቶች በተለይ እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ።

ሕክምናውን ያገኙት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ራሳቸው ስደተኛ ነበሩ። በስፔን ሚኖርካ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1914 ተወልደው፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን ሲያክሙ ቆይተው፣ ወደ ፈረንሳይ ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ተሰደዱ፤ በመጨረሻም አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። እዚያ ቆልማማ እግር ትልቅ ኦፕሬሽን ሳይደረግለት በእጅ እየታሸ፣ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ቀስ በቀስ እንደሚቃና አሳዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ጄሶ ይበቃል። ከዚያ ለብዙዎቹ ልጆች የተረከዝ ጅማታቸው በመጠነኛ ማደንዘዣ ይቆረጥና ለ3 ሳምንት የመጨረሻው ጄሶ ይታሰራል፤ ጅማቱም ረዝሞ ይገጥማል። ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1963 ቢያሳትሙም ለብዙ ዓመታት የሰማቸው ጥቂት ነበር። ዘዴያቸው ዓለምን ሲያዳርስ ለማየት ግን በቅተዋል፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2009 በ95 ዓመታቸው ነው።

ይህን ዘዴ በአገር ደረጃ ለማዳረስ ቀድመው ከተነሡት አገሮች አንዷ የምንኖርባት ዩጋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ካናዳዊው ዶክተር ኖርግሮቭ ፔኒና ዩጋንዳ ተወልደው በካናዳ የሚሠሩት ዶክተር ሻፊቅ ፒራኒ ከዩጋንዳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሥራውን አስፋፉ። የአጥንት ሐኪም በጣም ጥቂት ስለነበር ጄሶውን የሚያስሩ የጤና መኮንኖችን አሠለጠኑ። የፒራኒ መለኪያ የሚባለው ስድስት ምልክቶችን እያየ ከ0 እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በየሳምንቱ ሲወርድ እናት እግሩ እየተቃና መሆኑን በቁጥር ታያለች።

ጄሶው ካለቀ በኋላ እግሩ ተመልሶ እንዳይጣመም ልጁ በብረት ዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ያደርጋል። ከውጭ አገር የሚመጣው ጫማ ውድ ስለነበር፣ ሚሂል ስቴንቤክ የተባለ ሆላንዳዊ ባለሙያ በዚሁ በካምፓላ፣ በካታለምዋ ቼሻየር ሆም ወርክሾፕ፣ በአካባቢው ከሚገኝ ቆዳ፣ እንጨትና ብረት የሚሠራ ጫማ አዘጋጀ። የስቴንቤክ ጫማ ዛሬ በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ይታወቃል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ያለ ጫማ ሠሪና ብረት በያጅ ሊሠራው የሚችል መሣሪያ ነው።

ልጁ ይህን ጫማ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ድረስ ሲተኛ ብቻ ያደርገዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። እግሩ ቀንቷል፣ ልጁ ይሮጣል፣ ማታ ጫማውን ሲያዩ ያለቅሳል፤ እናትም ታዝናለች፤ ጫማው አልጋ ሥር ይገባል። እግሩ ተመልሶ የሚጣመምበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በሁለት ወር የተገኘው ውጤት የሚጠበቀው በአራት ዓመት ሌሊት ነው።

ስለ ፀበልም አንድ ነገር ልበል። ጸሎቱንም ዱዓውንም አትተዉ፤ እኔም የማምን ሰው ነኝ። ነገር ግን ጄሶ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል፣ ቆዳም ያቆስላል። ጄሶ የታሰረለት ልጅ ቢጠመቅ የሳምንቱ ሥራ ይጠፋል። ካህኑን አማክሩ፤ ፀበሉን ሊጠጣ፣ ፊቱን ሊረጭ ይችላል።

ሴሬብራል ፓልሲ

በቁጥር ከፍ ያለው ሌላው ችግር ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት አእምሮ ላይ በሚደርስ ጉዳት ይመጣል። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ያልታከመ ከባድ የሕፃናት ቢጫ በሽታ፣ የማጅራት ገትርና አእምሮ ላይ የወጣ ወባ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በምሥራቅ ዩጋንዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከ1000 ልጆች ወደ 3 የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል።

የአእምሮው ጉዳት አይጨምርም፤ ነገር ግን ልጁ ሲያድግ አጥንቱ ይረዝማል፣ የጠነከረው ጡንቻ አብሮት አይረዝምም። ስለዚህ በ4 ዓመቱ በጣቶቹ ይራመድ የነበረ ልጅ በ12 ዓመቱ ጉልበቱ ታጥፎ ሊቀር ይችላል። በየጊዜው መታየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ መመደቢያ ልጆቹን በአምስት ደረጃ ይከፍላል፦ አንደኛው ደረጃ ያለ ድጋፍ የሚራመድና የሚሮጥ፣ ሦስተኛው በእጅ በሚያዝ ድጋፍ የሚራመድ፣ አምስተኛው ደግሞ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ነው። ደረጃውን ማወቅ ቤተሰብ ትክክለኛ ግብ እንዲይዝ ይረዳል።

ለሚራመዱት ብዙ ጊዜ የምናዘው የፕላስቲክ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ነው። የልጁ እግር በጄሶ ተለክቶ፣ ፕላስቲኩ ጋለል ተደርጎ በልኩ ይሠራል። እግሩ እንዳይንጠለጠልና ተረከዙ መሬት እንዲነካ ያደርጋል። ካልሲ ሳይኖር አይደረግ፤ ማታ ሲወልቅ ቆዳውን እዩ። ቅላቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ወደ ሠሪው መልሱት፤ እቤት በቢላዋ አትሞርዱት። ልጅ ስለሚያድግ በየስድስት ወሩ ይታይ። ከካምፓላ ወደ ኢንቴቤ በሚወስደው መንገድ ኪሱቢ ያለው ኮርሱ ሆስፒታልና የሙላጎ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል በዚህ ረገድ የሚታወቁ ናቸው።

መራመድ ለማይችለው ልጅ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር ሽንፈት አይደለም። ሽንፈቱ ልጁ ጀርባው ጎብጦ ፍራሽ ላይ መዋሉ ነው። ብቻ ወንበሩ በልኩ ይሁን። ለአዋቂ የተሠራ ወንበር ላይ ትራስ አጭቆ ማስቀመጥ አከርካሪውን ያጣምመዋል።

ስለ መርፌ

እኛ ኢትዮጵያውያን መርፌ ካልተወጋን የታከምን አይመስለንም። በዚህ አገር ግን ቂጥ ላይ በተወጋ መርፌ፣ በተለይ ለወባ ይሰጥ በነበረው የኪኒን መርፌ፣ ነርቫቸው ተነክቶ እግራቸው የሰነፈ ብዙ ልጆች ነበሩ፤ አሁንም ይመጣሉ። ልጁ መዋጥ ከቻለ፣ ሐኪሙም ሽሮፕ ወይም እንክብል ይበቃዋል ካለ፣ «መርፌ ይወጋልኝ» አትበሉ። መርፌ የግድ ከሆነ ለሕፃን ጭኑ ላይ እንዲሰጥ ጠይቁ።

ሻንጣ ስናስር

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣሁት ነገር ልመለስ። ከመካከላችን ለሥራ የመጣ አለ፤ የጉዞ ሂደቱን እየጠበቀ ያለ አለ። አንድ ልጅ አዲስ አበባ ጄሶ ጀምሮ፣ ካምፓላ ጫማ አድርጎ፣ ሌላ አገር ሲደርስ ሁሉም ሊቋረጥበት ይችላል። በጉዞ ግርግር ጫማው ይረሳል፤ ወይም «እዚያ የተሻለ ሐኪም አለ» ተብሎ እዚህ ያለው ቀጠሮ ይተዋል። እዚያ ያለው ሐኪም ግን ቀጠሮ የሚሰጠው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ እግሩ አይጠብቀውም።

ስለዚህ ከመጓዛችሁ በፊት ስንት ጄሶ እንደታሰረ፣ ጅማቱ መቼ እንደተቆረጠና የጫማው ቁጥር ስንት እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስጽፉ። ከቆልማማው ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ተጨማሪ ጠይቁ። ቪዲዮውን አስቀምጡ። ጫማውን በእጅ ሻንጣ ያዙት። ወደ ኬንያ የምትሄዱ ኪጃቤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተ የልጆች የአጥንት ሆስፒታል አለ፤ አገር ቤት የምትመለሱ ደግሞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ኪዩር ሆስፒታሎችን ጠይቁ። ሕክምናው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ ካቆመበት ሌላው ይቀጥላል።

ለማኅበራችን

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ሐኪም ቤት ሄዶ በእንግሊዝኛም በሉጋንዳም መግባባት ላቃታት እናት የሚያስተረጉም ሰው እንመድብ። በየሳምንቱ ጄሶ ለማስቀየር የቦዳ ቦዳና የታክሲ ገንዘብ ላጠረው ቤተሰብ ትንሽ ሣጥን ይኑረን። ሕክምናው ነፃ በሆነበት ቦታ እንኳ ብዙ ልጅ የሚቀረው በመጓጓዣ ምክንያት ነው። ዕድራችን የሞተ ወገናችንን በክብር ለመሸኘት ምንጊዜም ዝግጁ ነው፤ ለመራመድ የሚታገል ሕፃን ሲኖርም እንዲሁ እንዲነሣ እለምናለሁ።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሰው እንዳያይበት ብሎ ልጁን ቤት ትቶ የመጣ ወላጅ ሊኖር ይችላል። አልፈርድበትም፤ የእኛ ዓይንና ሹክሹክታ ነው እንዲህ ያደረገው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ እንዲደበቅ የሚያስገድደውም እኛው ነን። በሚቀጥለው በዓላችን የሚራመደው ተራምዶ፣ በክራንች የሚሄደው በክራንቹ፣ በወንበር የሚሄደው በወንበሩ መጥቶ ከእኩዮቹ ጋር ዳቦ ሲቆርስ ለማየት ያብቃን።